ስዊቹ ፖርት ላይ አይፒ አልቀበል አለኝ፤ የት ነው የሚሰጠው?

ማርቆስ_ኔት | ደብረ ማርቆስ | ሰኞ ማታ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ሲስኮ 2960 ስዊቾች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኙት ሣጥኖች) አሉን፤ በየሕንፃው አንድ አንድ። መሃል ላይ አንድ 3560 አለ። ከእሱ ቀጥሎ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ራውተር ነው።

እስካሁን ሁሉም በ192.168.1.0 የአይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ክልል ውስጥ ተጨፍልቆ ነው የኖረው። ፋይናንሱም፣ መዝገብ ቤቱም፣ የኮምፒውተር ክፍሉም። አንዱ ሠልጣኝ ላፕቶፑን ይሰካና አይፒውን በእጁ ይቀይራል፤ ፋይናንስ ያለው ፕሪንተር ዝም ይላል። ከዚያ ለኔ ስልክ ይደወላል።

አሁን በቪላን (አንዱን ኔትወርክ በቁጥር ወደ ተለያዩ ክፍሎች በመክፈል) ልለያየው ነው። መጀመሪያ ለስዊቾቹ አይፒ ልስጥ ብዬ ገባሁ። ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/1 ውስጥ አይፒ አድሬስ ብዬ ስጽፍ 2960ው «ኢንቫሊድ ኢንፑት» ይለኛል። 3560ው ደግሞ ኤል2 ሊንክ ላይ አይፒ አይሰጥም ብሎ ይመልስልኛል። ራውተር ላይ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው። ምኑ ነው ያመለጠኝ?

ትዕዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ እንደምታውቋቸው አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

---

ጣና_ዳር | ባሕር ዳር | ሰኞ ማታ

ደህና ነን ወንድሜ። የራውተር ፖርት ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አይፒ ይቀበላል። የስዊች ፖርት ግን ሌየር 2 ነው፤ ኤል2 ያለህ እሱን ነው። ፍሬሙን (የመረጃውን እሽግ) በማክ አድራሻ (በመሣሪያው ካርድ መለያ) እያየ ከፖርት ወደ ፖርት ያሳልፋል፤ አይፒው አያገባውም። ስዊቹ አንድም አይፒ ሳይኖረው ሥራውን ይሠራል።

አይፒ የምትሰጠው አንተ ከወንበርህ ሳትነሳ ልትገባበት ስትፈልግ ነው። የግቢ ዘበኛ ስልክ ቁጥር በለው። በበሩ የሚያልፍ ሰው ለዘበኛው አይደውልም፤ የሚደውለው ዘበኛውን የፈለገ ነው።

ስለዚህ አይፒው የሚቀመጠው በቪላን ኢንተርፌስ ላይ ነው።

ኮንፊገር ተርሚናል
ቪላን 99
ኔም ማኔጅመንት
ኤግዚት
ኢንተርፌስ ቪላን 99
አይፒ አድሬስ 10.20.99.11 255.255.255.224
ኖ ሻትዳውን

ቁጥሩን እንደ ፕላንህ ቀይረው። ከአይፒው ቀጥሎ ያለው ማስኩ ነው፤ የክልሉን ስፋት የሚወስነው።

---

የቡሬ_ልጅ | ቡሬ | ሰኞ ማታ

ምን ያስቸግራል? ፖርቱ ላይ ገብተህ «ኖ ስዊችፖርት» በል፤ ከዚያ አይፒውን ስጠው። በቃ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

---

ጮቄ_ሰማይ | ሞጣ | ማክሰኞ ጠዋት

የቡሬው ወንድሜ፣ ያልከው 3560 ላይ ይሠራል። 2960 ላይ ግን ያ ትዕዛዝ አይሄድም። ጠያቂያችን ካሉት አራት ስዊቾች ደግሞ ሦስቱ 2960 ናቸው። 3560ውም ላይ ቢሆን ወደ 2960ዎቹ የሚሄዱትን ፖርቶች እንዲህ ብታደርጋቸው ቪላኖቹ በዚያ አያልፉም። ልጁ የፈለገው መለያየት እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ «አይፒ የት ልስጥ» ከማለት በፊት «ይህ አይፒ ለምን ሥራ ነው» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ቦታውን ራሱ ይነግርሃል።

ስዊቹን ለመቆጣጠር ብቻ ከሆነ፣ ጣና ዳር እንዳለው በአንድ ቪላን ኢንተርፌስ ላይ አንድ አይፒ ይበቃል። ለ2960ዎቹ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለፋይናንስ፣ ለመዝገብ ቤት እያልክ በየቪላኑ አይፒ አትደርድርባቸው፤ ጥቅም የለውም።

ለኮምፒውተሮቹ ጌትዌይ (ከክፍላቸው የሚወጡበት በር) እንዲሆን ከሆነ ሥራው የ3560ው ነው። ለእያንዳንዱ ቪላን አንድ ኢንተርፌስ ቪላን ትከፍታለህ፤ የምትሰጠው አይፒ ለዚያ ክፍል ኮምፒውተሮች ጌትዌይ ይሆናል። «አይፒ ራውቲንግ» የሚለውን ትዕዛዝ ግን አትርሳ። 3560 ላይ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። እሱን ካላበራህ ቪላኖቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣልህም።

3560ውን ከራውተሩ ጋር የምታገናኝበት ገመድ ላይ ግን የቡሬው ልጅ ልክ ነው። እዚያ ኖ ስዊችፖርት ያምራል። ሁለት መሣሪያ ብቻ የሚነጋገርበት መስመር ስለሆነ በ255.255.255.252 ትሰጠዋለህ፤ ሁለት አይፒ ብቻ ነው የሚይዘው። 10.20.255.1 ለራውተሩ፣ 10.20.255.2 ለስዊቹ።

ሌላ ስዊች ያላችሁ ደግሞ፣ እንደ 9300 ያሉት አዲሶቹ ለማኔጅመንት ብቻ የተሠራ የተለየ ፖርት አላቸው። እሱ አይፒ በቀጥታ ይቀበላል። ግን በራሱ ቪአርኤፍ (የተለየ የመንገድ ሠንጠረዥ) ውስጥ ነው ያለው። ከስዊቹ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል ጥያቄ) ስታደርጉ የቪአርኤፉን ስም ካልጠራችሁ መልስ አታገኙም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኬብሉን ይጠረጥራል።

2960ም ራውት ያደርጋል (ቪላን ከቪላን ያገናኛል) የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። አዎ፣ ላን ቤዝ የሚባለው ዓይነት ከሆነና ሶፍትዌሩ 12.2(55)ኤስኢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኤስዲኤም ቴምፕሌቱን (ማስታወሻው የሚከፋፈልበትን) ቀይረህ ሪሎድ ስታደርገው 16 ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ይይዛል። 3560 እያለህ ግን ለምን ትደክማለህ?

---

ማርቆስ_ኔት | ማክሰኞ ከሰዓት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እህት ጮቄ፣ አሁን ገባኝ። የመጀመሪያው 2960 ላይ ቪላን 99 ፈጠርኩ፣ አይፒውን ሰጠሁ፣ ተቀበለኝ። ግን «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ስል ስታተሱ አፕ ነው፣ ፕሮቶኮሉ ዳውን ነው። ኖ ሻትዳውን ብያለሁ። ወደ 3560 የሚሄደው ኬብል መብራቱ አረንጓዴ ነው።

---

የቡሬ_ልጅ | ማክሰኞ ከሰዓት

ሪስታርት አድርገው።

---

አባ_ኮንሶል | ፍኖተ ሰላም | ማክሰኞ ማታ

ሪስታርት አያስፈልግም፤ ተው አትንካው።

ቪላን ኢንተርፌስ ፕሮቶኮሉ አፕ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ቪላኑ ራሱ በስዊቹ ላይ መኖር አለበት። ኢንተርፌስ ቪላን 99 ማለት ቪላን 99ን መፍጠር አይደለም። እሱን ሠርተሃል፤ ደግ። ሁለተኛ፣ በዚያ ቪላን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሕይወት ያለው ፖርት መኖር አለበት። አክሰስም (አንድ ቪላን ብቻ የሚይዝ) ይሁን ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ)፣ ስፓኒንግ ትሪ (መረጃ በዙሪያ እንዳይሽከረከር የሚጠብቀው) ፎርዋርዲንግ (ማሳለፍ) ላይ ያደረሰው ፖርት።

ያንተ ችግር ይህኛው ይመስለኛል። ወደ 3560 የሚሄደውን ፖርት ትራንክ አድርገኸዋል? ወይስ ሰክተህ ዝም ነው ያልከው? 2960ም 3560ም ፖርቶቻቸው ሲመጡ ዳይናሚክ ኦቶ ናቸው። ሁለቱም ሌላኛው እንዲጀምር ይጠብቃሉ። አንዱም አይጀምርም። ትራንክ ሳይሆን ቪላን 1 ላይ ይቀራሉ። መብራቱ አረንጓዴ፣ ቪላን 99 ግን ሰው የለበትም።

«ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ብለህ የሚወጣውን ለጥፍልን።

---

ማርቆስ_ኔት | ማክሰኞ ማታ

አባ ኮንሶል፣ እርስዎ እንዳሉት ነው! ምንም አይወጣም፤ ባዶ ነው። 2960ው ላይ ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ ብዬ አደረግኩት። 3560ው ላይ ግን ትዕዛዙን ውድቅ አደረገብኝ። ኢንካፕሱሌሽኑ ኦቶ ስለሆነ አይሆንም ይላል።

---

ጣና_ዳር | ማክሰኞ ማታ

3560 ላይ ቅድሚያ «ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው» በል፣ ከዚያ ሞድ ትራንክ። 3560 ሁለት ዓይነት ኢንካፕሱሌሽን (በትራንክ ላይ የቪላን ቁጥር የሚለጠፍበት መንገድ) ስለሚያውቅ ምረጥልኝ እያለህ ነው። 2960 ዶት1ኪውን ብቻ ስለሚያውቅ አይጠይቅህም፤ ትዕዛዙም የለውም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ነገ ሌላ ቪላን ትጨምራለህ። በትራንኩ ላይ የሚያልፉትን ከወሰንክ በኋላ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብለህ ብትመታ የነበሩትን ሁሉ ሰርዞ 30ን ብቻ ይተዋል። 99ም ይሄዳል፤ አንተም ትቆረጣለህ። መሃል ላይ «አድ» የምትለዋን ቃል አስገባ። በዚህች ቃል ምክንያት ስንቱ ባጃጅ ተሳፍሮ ስዊቹ ጋ ሄዷል።

---

የቡሬ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

እኔ የማይገባኝ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አይፒውን ኢንተርፌስ ቪላን 1 ላይ ብትሰጠው ትራንክም ሳትል፣ ምንም ሳትል ይሠራል። አንድ ግቢ ላለው መሥሪያ ቤት ማኔጅመንት ቪላን ቅንጦት ነው።

---

ጮቄ_ሰማይ | ረቡዕ ጠዋት

ይሠራል፤ ማንም አይሠራም አላለም። ግን ምንም ያልተነካ ፖርት ሁሉ ሲመጣ ቪላን 1 ውስጥ ነው። ባዶ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ ላፕቶፑን የሰካ ሰው ከስዊችህ አይፒ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። ማርቆስን ደግሞ ከመጀመሪያው ያስለቀሰው የኮምፒውተር ክፍል ሠልጣኝ ነው። እሱን ከስዊቹ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

በአንድ ሱቅ ውስጥ ላለ አንድ ስዊች ከሆነ ግን አልከራከርህም።

---

የቡሬ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

እሺ እህቴ፣ ተረታሁ አልልም፤ ግን እሺ።

---

ጣና_ዳር | ረቡዕ ከሰዓት

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፤ ሰው ትዕዛዙን ያጠናና ፕላኑን በዘፈቀደ ያደርገዋል።

192.168.1.0ን ብትተወው ደስ ይለኛል። ብዙ የቤት ራውተሮች 192.168.1.1 ሆነው ነው የሚመጡት። ነገ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ መግቢያ) ስትተክልና ሠራተኛው ከቤቱ ሲገባ፣ የቤቱና የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አንድ ዓይነት ይሆንና የቢሮውን ሰርቨር እቤቱ ይፈልገዋል። ለግል ኔትወርክ የተፈቀዱት ሦስት ክልሎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አርኤፍሲ 1918 በሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ የተቀመጡ። 10 ብሎ የሚጀምረው ሙሉውን፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ እና 192.168። ከ10 ውስጥ ብትወስድ እንደ ልብህ ትዘረጋለህ።

የቪላኑ ቁጥርና የአይፒው ሦስተኛ ቁጥር ቢመሳሰሉ ሌሊት ተቀስቅሰህም ታስታውሰዋለህ። ፋይናንስ ቪላን 10፣ 10.20.10.0። መዝገብ ቤት ቪላን 20፣ 10.20.20.0። ኮምፒውተር ክፍል ቪላን 30፣ 10.20.30.0። ለእነዚህ 255.255.255.0 ስጣቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 254 አድራሻ አለ። ለማኔጅመንቱ 10.20.99.0 በ255.255.255.224 ይበቃል፤ 30 ስዊች ድረስ ይሄዳል። 3560ው 10.20.99.1 ይሁን። 2960ዎቹ ከ11 እስከ 13።

ከሁሉ በላይ የሰጠኸውን በወረቀት ጻፈው። ወይም በኤክሴል። አንተ ስትዘዋወር የሚተካህ ሰው ያመሰግንሃል።

---

ማርቆስ_ኔት | ሐሙስ ጠዋት

ኃላፊዬ ፋይናንስና መዝገብ ቤት አንድ ሕንፃ ስለሆኑ 10.20.10ን ይካፈሉ አለ። ቪላን 10ን 10.20.10.1፣ ቪላን 20ን 10.20.10.129 አደረግኩ፤ ማስኩ ሁለቱም 255.255.255.0። ሁለተኛውን አልቀበልም አለ። ከቪላን 10 ጋር ተደረበ ይላል። ቪላን 30 ላይ ደግሞ 10.20.30.0 ብዬ ስሰጥ «ባድ ማስክ» አለኝ።

---

ጮቄ_ሰማይ | ሐሙስ ጠዋት

ሁለቱም ላይ ስዊቹ ልክ ነው።

በ255.255.255.0 ማስክ 10.20.10.1ም 10.20.10.129ም አንድ ሰፈር ናቸው። ራውት የሚያደርግ መሣሪያ ሁለት ኢንተርፌሱን አንድ ሰፈር ውስጥ አያስቀምጥም፤ ፓኬቱን በየት ይላከው? ለሁለት መክፈል ካለብህ ማስኩን 255.255.255.128 አድርገው። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 126፣ ሁለተኛው ከ129 እስከ 254 ይሆናል። ቪላን 10ን ቀድመህ ቀይረው፤ አለዚያ ሁለተኛውን አሁንም አይቀበልህም። እኔ ግን ኃላፊህን በእርጋታ አስረድተህ የጣና ዳርን ፕላን ብትይዝ እመርጣለሁ። አድራሻ በነጻ ነው፤ ምን አስቆጠበው?

10.20.30.0 ደግሞ የሰፈሩ ስም ነው እንጂ የማንም ቤት አይደለም። 10.20.30.1 ስጠው።

---

አባ_ኮንሶል | ሐሙስ ማታ

ልጄ፣ እስካሁን የሠራኸውን ሴቭ አድርገሃል?

---

ማርቆስ_ኔት | ሐሙስ ማታ

አይ ጋሼ፣ ሲያልቅ አንድ ላይ አደርገዋለሁ ብዬ ነው።

---

አባ_ኮንሶል | ሐሙስ ማታ

አሁኑኑ ተነሣና «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» በል። በአራቱም ላይ። መብራት ከመሄዱ በፊት።

የሰጠኸው አይፒ ራም ላይ ነው ያለው። መብራት ብልጭ ካለ ይጠፋል። የሚያሳስተው ደግሞ ቪላኖቹ አይጠፉም፤ ፍላሽ ላይ በቪላን ዳት ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ ይተርፋሉ። ስለዚህ ተመልሰህ ሾው ቪላን ስትል 10፣ 20፣ 30፣ 99 ሁሉም አሉ። ፖርቶቹ ግን ሁሉም ወደ ቪላን 1 ተመልሰዋል፤ ኢንተርፌስ ቪላን 99ም የለም። ሰው ይህን ያይና «ማን ገባብኝ?» ይላል። ማንም አልገባም። መብራት ነው።

ዩፒኤስ አለን ብለህ አትዘናጋ። የብዙ መሥሪያ ቤት ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚጮኸው ብቻ ነው የቀረው።

ከነገሩ ብወጣም አንድ ልጨምር። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የዘረጋኸው የመዳብ ኬብል ከሆነ፣ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ባያልፍም የኛ አገር ክረምት መብረቅ አለበት። ፖርት ሲያቃጥል አይቻለሁ። በጀት ካገኘህ ፋይበር አድርገው።

---

ዘንገና_ማዶ | እንጅባራ | ዓርብ ጠዋት

እኔ ጋ ያለው ሁዋዌ ነው፤ ይህ ሁሉ ለሱም ይሠራል? ሌላ ቢሮ ደግሞ ማይክሮቲክ አለን።

---

ጣና_ዳር | ዓርብ ጠዋት

ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቃሉ ነው የሚለየው። ሁዋዌ ላይ «ሲስተም-ቪው» ገብተህ «ቪላን 99» ትፈጥራለህ። ከዚያ «ኢንተርፌስ ቪላንኢፍ 99» ብለህ «አይፒ አድሬስ 10.20.99.14 27» ትላለህ። ማስኩን በሙሉ መጻፍ የለብህም፤ 27 ይበቃዋል፣ ያው 255.255.255.224 ነው። የሲስኮው ኖ ስዊችፖርት እዚያ «አንዱ ፖርትስዊች» ነው፣ አንዱ ማለት ሰርዝ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (undo) ነው፤ ሁሉም ሞዴል ግን አይቀበለውም። ሲያበቃ ወደ ዋናው ወጥተህ «ሴቭ»።

ማይክሮቲክ ላይ ፖርቱን ብሪጅ (ፖርቶችን እንደ አንድ ስዊች የሚያጣምረው) ውስጥ ካስገባኸው አይፒውን ለፖርቱ ሳይሆን ለብሪጁ ስጥ። ቪላን ከተጠቀምክ ደግሞ በብሪጁ ላይ ለፈጠርከው የቪላን ኢንተርፌስ። ፖርቱ ላይ ብትሰጠው አይከለክልህም፤ ተቀብሎ በኋላ ያጉላላሃል። ቪላን ፊልተሪንግ ከማብራትህ በፊት ሴፍ ሞድ ተጫን። ከተቆረጥክ የቀየርከውን ራሱ ይመልሰዋል።

---

የቡሬ_ልጅ | ዓርብ ከሰዓት

ሲስኮ ላይስ እንዲህ ያለ ነገር አለ? እኔ ደጀን ያለ ስዊች አይፒውን ከዚህ ሆኜ መቀየር አለብኝ። ለአንድ ቁጥር ብዬ ደጀን ድረስ መሄድ አልፈልግም።

---

አባ_ኮንሶል | ዓርብ ከሰዓት

አለ። መጀመሪያ የነበረውን ሴቭ አድርግ። ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» በል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አሁን አይፒውን ቀይር። ኤስኤስኤችህ (ከሩቅ የገባህበት መስመር) ይቆረጣል፤ አትደንግጥ፣ የነበርክበትን አድራሻ ነው የወሰድክበት። በአዲሱ አይፒ ግባ። ከገባህ «ሪሎድ ካንስል» ብለህ ሴቭ አድርግ። መግባት ካቃተህ ቡናህን ጠጣ፤ 10 ደቂቃው ሲሞላ በአሮጌው አይፒ ይነሣል። አዲሱን ሳትገባበት ሴቭ ካደረግክ ግን ደጀን ትሄዳለህ።

እዚያ ቢሮ ላሉት ሰዎች ኔትወርክ ለጥቂት ደቂቃ ሊጠፋ እንደሚችል ንገራቸው። በሥራ ሰዓት ባታደርገው ጥሩ ነው።

---

ማርቆስ_ኔት | ቅዳሜ ጠዋት

የጣና ዳርን ፕላን ነው የያዝኩት፤ ኃላፊዬም እሺ አለ። ሴቭ አድርጌያለሁ ጋሼ። ቪላን 99 አፕ አፕ ሆኗል። ከ3560ው ሦስቱንም 2960 ፒንግ አደርጋለሁ። ከኔ ቢሮ ኮምፒውተር ግን፣ ቪላን 20 ውስጥ ነኝ፣ 3560ውን ብቻ ነው የማገኘው። ኢንተርኔትም ከየትኛውም ክፍል አይገባም።

---

ጮቄ_ሰማይ | ቅዳሜ ጠዋት

2960ዎቹ ላይ ጌትዌይ አልሰጠሃቸውም። ጥያቄህ ይደርሳቸዋል፤ መልሱን በየት እንደሚልኩ አያውቁም። በእያንዳንዳቸው ላይ «አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ 10.20.99.1» በል።

3560ው ላይ ግን ይህን ትዕዛዝ አትጠቀም። አይፒ ራውቲንግ ከበራ በኋላ ዲፎልት ጌትዌይን አያየውም። እዚያ «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 10.20.255.1» ነው።

ራውተሩም የመመለሻ መንገድ ይፈልጋል፤ «አይፒ ራውት 10.20.0.0 255.255.0.0 10.20.255.2»። ናቱ (የውስጡን አድራሻ ለኢንተርኔት የሚቀይረው) ላይ ያለው አክሰስ ሊስት (የፈቃድና የክልከላ ዝርዝር) አሁንም 192.168.1.0ን ብቻ ይፈቅድ ይሆናል፤ እሱንም አስተካክል።

ሌላው፣ ቪላን ስለያየህ ብቻ ሰዎቹ ተለያይተዋል ብለህ እንዳታስብ። 3560ው ራውት ማድረግ ከጀመረ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጅ ፋይናንስን ፒንግ ማድረግ ይችላል። የፕሪንተሩን አይፒ ከእንግዲህ ሊነጥቅ አይችልም፤ መድረስ ግን ይችላል። ኢንተርፌስ ቪላን 30 ላይ አክሰስ ሊስት አስገባና ወደ 10.20.10.0 እና ወደ 10.20.99.0 የሚሄደውን ከልክል። የቀረውን መፍቀድህን አትርሳ፤ አለዚያ በመጨረሻው ላይ ያለው ስውር ክልከላ ሁሉንም ይዘጋዋል።

---

ማርቆስ_ኔት | ቅዳሜ ከሰዓት

ኢንተርኔት ገባ! ናቱ ነበር፤ አሮጌው ብቻ ነበር የተፈቀደው። 2960ዎቹም ከወንበሬ ተከፈቱ። አክሰስ ሊስቱን ሰኞ ሰው በሌለበት አደርገዋለሁ።

የቀረኝ ኮምፒውተር ክፍሉ ነው። ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለው) ሰርቨሩ ቪላን 20 ውስጥ ነው፤ 10.20.20.5። ቪላን 30 ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች 169.254 የሚጀምር አድራሻ ነው የሚይዙት፤ ከሰርቨሩ ሲያጡ ለራሳቸው የሚሰጡትን።

---

አባ_ኮንሶል | ቅዳሜ ማታ

የዲኤችሲፒ ጥያቄ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚጮህ) ነው፤ ከቪላኑ አይወጣም። 3560ው ላይ ኢንተርፌስ ቪላን 30 ገብተህ «አይፒ ሄልፐር-አድሬስ 10.20.20.5» በለው። ሰርቨሩ ላይ ለ10.20.30.0 ስኮፕ (የሚታደል የአድራሻ ክልል) ክፈት፤ ጌትዌዩ 10.20.30.1። ሰኞ ያን አክሰስ ሊስት ስትጽፍ ደግሞ ይህን ጥያቄ አብረህ እንዳትዘጋው። ከዚያ ሴቭ።